ማመልከቻቸውን ሦስት ጊዜ ስለመለስንባቸው ስለ መምህር ጎቪንዳን ዕረፍት

ለእድራችን አባላት፣ ለሆሳዕና ከተማ ነዋሪዎች፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ለሚገኙ ተማሪዎቻቸው፤

መምህር ጎቪንዳን ናምቢያር፣ በምንኩስና ስማቸው ስዋሚ ዲራናንዳ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀትር በፊት በቤታቸው በረንዳ ላይ እንደተቀመጡ በሰማንያ ዓመታቸው ዐርፈዋል። የወንዝ ማዶ ሰፈር መረዳጃ እድር ሐዘኑ ከባድ ነው። የከበደበትን ምክንያት ከሌላ ሰው ከምትሰሙ እኛው ብንነግራችሁ ይሻላል።

መምህሩ በ1937 ዓ.ም. በሕንድ አገር፣ በኬረላ ተወለዱ። በ1964 ዓ.ም. ሂሳብ ለማስተማር ወደ ሆሳዕና መጡ። በዚያ ዘመን የመጡት ሕንዶች ውላቸው ሲያልቅ ሄዱ፤ እሳቸው ቀሩ። ከ1971 እስከ 1976 ዓ.ም. ዱራሜ አስተማሩ። ዛሬ በየቢሮው ወንበር ይዞ የተቀመጠው ብዙ ሰው፣ ቢክድም፣ በእሳቸው ሰሌዳ ፊት ቆሞ ያላበው ነው።

በ1989 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀው ወደ አገራቸው ሄዱ። በቃ ዘመድ ናፍቋቸው ነው አልን። በ1992 ዓ.ም. ግን ብርቱካናማ ጨርቅ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው ተመለሱ። መንኩሰው ነበር። ስዋሚ ማለት በሂንዱ ሃይማኖት መንኩሶ የሚያስተምር ሰው ነው። ሚስትም ልጅም ድሮም አልነበራቸውም።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው በረንዳቸው ላይ ለመጣ ሁሉ አስተማሩ። ትምህርቱ አጭር ነው። ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ትንፋሽን ማድመጥ፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሥራ መሄድ። ሥራህን ሥራ፣ ማን አየኝ ብለህ ዞር አትበል ይሉ ነበር። በሰው ሁሉ ውስጥ ያለው አንድ ነው፣ ሌላውን የናቀ ራሱን ናቀ ይሉም ነበር። ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ተቀምጦ ሰምቷል። ሰው ከሃይማኖቱ ሊያስወጡ ነው ተብሎ ተወራ። ሃያ አምስት ዓመት ጠበቅን፤ አንድም የወጣ የለም። እንዲያውም እሁድ የመጣውን ዛሬ ቤተ ክርስቲያንህ ይፈልግሃል ብለው ይመልሱት ነበር።

አሁን ወደ እድሩ ጉዳይ እንምጣ። በ1996፣ በ2003 እና በ2011 ዓ.ም. አባል ልሁን ብለው አመለከቱ። ሦስቱንም ጊዜ መለስንባቸው። ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፤ ሕንዶች ሬሳ ያቃጥላሉ፣ እድሩ ይቀብራል እንጂ አያቃጥልም ይላል። ያስጻፈው ሰብሳቢው ነው። መምህሩ አመስግነው ወጡ። ቀብር ሲኖር ዶማ ይዘው መጡ። አባል ሳይሆኑ ከሃያ ዓመት በላይ ጉድጓድ ቆፈሩልን። የሰብሳቢው ባለቤት ወይዘሮ ትርፊት በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉም ከቆፋሪዎቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ። ሰብሳቢው ይህን በዓይኑ አይቶ በ2011 ዓ.ም. እንቢ አለ።

ያረፉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። እሳቱ የት ይነዳል፣ ማንስ ይፈቅዳል የሚል ክርክር ተነሣ። በዚህ መሐል ተማሪያቸው የነበሩት መምህርት ሙሉነሽ ገቡና በሂንዱ ሥርዓት የሚቃጠለው ሌላው ሰው መሆኑን፣ መነኩሴ ግን ብዙውን ጊዜ እንደተቀመጠ መሬት እንደሚገባ ነገሩን። መምህሩ ስለ ቀብራቸው በእጃቸው ጽፈው የተዉትን ወረቀትም አሳዩ። ሰብሳቢው ታዲያ መምህሩ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉ ሲል ጠየቀ።

«ጋሽ ባፈና፣ እኔም ይህንኑ ብያቸው ነበር» አሉ ሙሉነሽ። «‹እንቢ አሉኝ እንጂ አልጠየቁኝም› ነው ያሉኝ።»

ስድስቱ የኮሚቴ አባላት በእድሩ ወግ ይቀበሩ አሉ። ሰብሳቢው ለአባል ላልሆነ ሰው ድንኳን አይተከልም፣ ሕግ ሕግ ነው ብሎ ቆመ። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው አቶ ዳኘ፣ እንግዲያው በሚቀጥለው ቀብር ሕጉ ራሱ ዶማ ይዞ ይምጣ አሉ። ተሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቀም።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ጥሩምባ ነፊያችን ናስረዲን በሩ ላይ ቆመ። ጥሩምባ ሲነፋ የሟቹ ስም ብቻ አይጠራም፤ የማን አባት፣ የማን እኅት እንደሆነ አብሮ ይጠራል። ለቀስተኛ የሚሄደው ወደ ሐዘንተኛው ቤት ነውና። እኚህ ሰው ደግሞ እዚህ አገር ዘመድ የላቸውም።

«የማን ብዬ ልጥራ?» አለ ናስረዲን።

ስድስቱም መሬት መሬት አዩ። ሰብሳቢው ከወንበሩ ተነሣ።

«የባፈና ወንድም ብለህ ጥራ» አለ።

በማግስቱ ማለዳ እንደዚያው ተጠራ። ጉድጓዱን እንደ ልማዳችን ረዥም ሳይሆን ክብ አድርገን ቆፈርን። ለምደነው ስለማናውቅ ሁለት ጊዜ አስፍተነዋል። ወረቀቱ እንዳዘዘው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገን አስቀመጥናቸው።

በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ መጨረሻ ለሟች ቤተሰብ መጽናናትን መመኘት ደንብ ነው። ለኬረላ ዘመዶቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው ሁሉ እንመኛለን። እዚህ ያለው ቤተሰብ ግን አንድ ሰው ነው። ድንኳኑ በአቶ ባፈና ሄራሞ ግቢ ተተክሏል፤ እስከ የካቲት 3 ቀን ይቆያል። ከዱራሜም ከሺንሺቾም የምትመጡ፣ ሐዘንተኛው ከፊት የተቀመጠው ሽማግሌ ነው። እግዚአብሔር ያጽናህ በሉት። ይህ ሰው ወንድሜ ሊላቸው አይገባውም የምትሉም ኑ።

ባፈና ሄራሞ
የወንዝ ማዶ ሰፈር መረዳጃ እድር ሰብሳቢ
የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሆሳዕና