የሚዛን ክፍሉ ሁለተኛ በር

ውድ መላ፣

ሽልማቱን ውሃ እንደበላው ሳትሰሚ አልቀረሽም። ወሬ ደግሞ ጨምሮ ነው የሚሄደው፤ «ያቺ የሚዛኗ ነርስ ናት ያበላሸችው» ብለውሽ ይሆናል። እውነት ነው፣ እኔ ነኝ። ግን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል። በስልክ የማይወራ ሆኖብኝ ነው የጻፍኩልሽ።

ያ በር የአንቺ ሐሳብ ነበር። አሁን ወዳለሽበት ከተማ ሳትዛወሪ ዕቃ ቤቱን አስጠርገሽ፣ የቤተሰብ አማካሪዋን እዚያ አስቀምጠሽ፣ ከሕፃናት መመዘኛው ክፍል በር ስታስከፍቺ «ይቺ ሴት ደግሞ ምን ነካት?» ብለን ነበር። በኋላ ገባን። ሚስቱን ከደጅ የማያስወጣ ባል እንኳ ልጅ ላስመዝን ስትለው አይከለክልም። መመዘኛው ክፍል ወንድ አይገባም። ሴትየዋ ልጇን ታስመዝንና በዚያ በር ገብታ፣ በቤቷ ማንም ያልጠየቃትን ተናግራ፣ ልጇን ይዛ ትወጣለች። የሚያውቅባት የለም።

የተሻለ አሠራር ያመጡ ከተሞች ይሸለማሉ ሲባል የጤና ቢሮው ኃላፊያችን ይህንኑ ጽፈው ላኩት። ለመንኳቸው። «የዚህ ነገር ጥቅሙ እኮ አለመታወቁ ነው፤ ይቅርብን» አልኳቸው።

«ለዳኞቹ ብቻ ነው የማሳየው። አንቺ ደግሞ ሁሌ ስጋት!» ብለው ሳቁብኝ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፣ ደስታው አቅበጥብጧቸው ነው።

የፈሩት ይደርሳል። ዳኞቹ የመጡ ዕለት ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ ሾፌር ሚስት መጣች። አንቺ ከሄድሽ በኋላ መመላለስ የጀመረች ስለሆነች አታውቂያትም። በዚያ ሙቀት እንኳ እጅጌዋን አትሰበስብም። ያየሁትን ክንዷን አልነግርሽም፣ ይገባሻል። «ዛሬ እንግዳ ሊቀበል ወጥቷል፤ ሳይመለስ ልድረስ» አለችኝና ገባች። እንግዶቹ የእኛው መሆናቸውን እሷም አላወቀች፣ እኔም አላሰብኩ።

ብዙም ሳይቆይ ኮሪደሩ በጫማ ኮቴ ተሞላ። ዳኞቹ፣ ካሜራ ያነገተው ሰው፣ ሙሉ ልብሳቸውን የለበሱት ኃላፊያችን፣ ከሁሉም ኋላ የታሸገ ውሃ የተሸከመው ሾፌር። ወንድ አይገባም ብል ማን ይሰማኛል? ኃላፊው ንግግራቸውን ጨረሱና «አሁን ደግሞ ዋናው ምስጢራችን!» ብለው እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። ሄጄ ፊቱ ተገተርኩ።

«አይከፈትም» አልኩ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ኩፍኝ ነው። የተጠረጠረ ሕፃን ለይቼ አስቀምጫለሁ» አልኩ።

መላዬ፣ በሽታ ጠፍቶ ኩፍኝ! ክትባታችንን እያነሳን፣ ኩፍኝን ከዚህ ከተማ አጠፋን ብለን ማመልከቻው ላይ የፎከርነውን ረሳሁት። ምላሴ ላይ የመጣው እሱ ነበር። የኃላፊያችን ፊት አመድ መሰለ። ዋናዋ ዳኛ ወደኋላ አፈገፈገችና «ተላላፊ በሽታ፣ ሕፃናት ከሚመዘኑበት አጠገብ?» አለች። ልክ ናት። እኔም ብሆን እንዲህ ያለውን ቢሮ አልሸልምም።

ይሄኔ ሕፃኑ ከውስጥ ጮኸ።

ሾፌሩ ውሃውን አስቀመጠና ቀና አለ። አወቀው አልኩ፤ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። በሩን በጀርባዬ ተጭኜ ቆምኩ። ጠጋ አለኝ።

«የማን ልጅ ነው እንዲህ የሚጮኸው? እናት የለውም እንዴ?» አለ ተሰላችቶ።

«አለችው። አጠገቡ ናት።»

«ታዲያ ዝም አታሰኘውም!» ብሎ ዳኞቹን ተከትሎ ወጣ።

ለኃላፊያችን በኋላ እውነቱን ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ፤ ግን እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም። ሽልማት ያጣ ሰው ቶሎ አይለዝብም መሰለኝ። አንቺስ ትቀየሚኝ ይሆን? ስምሽ በሰው ፊት ሊጠራ ነበር፤ አስቀረሁብሽ። ያ ብቻ ነው የሚቆጨኝ።

መኪናው ሲርቅ በሩን ከፈትኩ። አማካሪዋ ላብ በላብ ሆና ወንበሯ ላይ ደርቃለች። የሾፌሩ ሚስት ግን ልጇን አቅፋ ቆማለች። በመጣች ቁጥር ስንለምናት «ልጄን አባት አላሳጣውም» እያለች ነበር ወደዚያ ቤት የምትመለሰው።

«ሰማሽው? የማን ልጅ ነው አለ እኮ» አለችኝ። አላለቀሰችም። ልጁን አዘለችና ነጠላ ጫማዋን እየፈለገች «ከእንግዲህ እዚያ ቤት አልገባም» አለች።

እስካሁን እህቴ ቤት ደብቄያት ነበር። አሁን ባሏ ሰፈሩን ማሰስ ጀምሯል፤ ትናንት ቢሮ መጥቶ አፋጦኛል። ካንቺ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም። ይህን ደብዳቤ በእጅሽ የሰጠችሽ ሴት እሷ ናት። ስታነቢ ቆማ እየጠበቀችሽ ይሆናል። መንገዱ ረጅም ነው፣ ልጁም ገና ጡት ይጠባል። ተቀመጪ በያት።

ያንቺዋ፣
የሚዛኗ