ለምርጫው የተቀቀለ አደንጓሬ

ኤፕሪል 2 ቀን 1648

በፈጣሪና በዚህ ወረቀት ፊት እናዘዛለሁ፦ ዛሬ በስብከቱ ሰዓት እንቅልፍ ወስዶኝ… ውሸት ነው። ነቅቼ ነበር። ዳኛው ማርሻም ሲያንቀላፋ አገጩ ስንት ጊዜ ደረቱን እንደነካ ስቆጥር ነበር። አሥራ ዘጠኝ። ኃጢአቴ ይኸው ነው። ያዘንኩት ግን ሃያ ሳይሞላ ስብከቱ ስላለቀ ነው።

ኤፕሪል 4

አክስቴ ታምሲን እየተራገመች መጣች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በጀልባ ሰው የምታሻግረው እሷ ናት። አሁን ማርሻም የማሻገሩን ፈቃድ ለአማቹ ሊያሰጥ ነው። የታችኛው ሸንጎ፣ ማለትም ከየከተማው የሚላኩት እንደራሴዎች፣ “ፈቃዱ የታምሲን ነው” ብለው ወስነው ነበር። የላይኛው ሸንጎ፣ ማርሻም ያለበት፣ “አይሆንም” አለ። ሁለቱ ካልተስማሙ ነገሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በሜይ እንደገና ይታያል።

“እንግዲያው በሜይ ማርሻም እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ የለበትም” አልኩ።

አባባ፦ “አንቺን ማን ጠየቀሽ?”

ማንም። እስኪጠይቁኝ ብጠብቅማ አርጅቼ እሞታለሁ። ገና አሥራ አምስቴ ነው።

ኤፕሪል 10

አባባ የከተማው ጸጥታ ሹም ስለሆነ የምርጫው ከረጢት የሚወጣው ከእኛ ቤት ነው። ለላይኛው ሸንጎ የአንድ ዕጩ ስም ሲጠራ፣ ድምፅ ያለው ወንድ ሁሉ (ሴትስ? ኧረ ዝም በይ!) አንድ በቆሎና አንድ አደንጓሬ ይይዛል። በቆሎ “ይሁን”፣ አደንጓሬ “አይሁን” ነው። አንዱን በጭብጡ ደብቆ ድምፅ መሰብሰቢያው ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል። የከተማችን ድምፅ ታሽጎ ቦስተን ሄዶ ከሌሎቹ ጋር ይደመራል።

ምስጢር ነው ይላሉ። ምስጢር! የተረፈውን ፍሬ ወደ ከረጢቱ ሲመልሱስ? ማርሻም በየዓመቱ ከረጢቱ አጠገብ ይገተርና ምን እንደሚመለስ ያያል። በቆሎ የመለሰ ሰው አደንጓሬ ጥሏል ማለት ነው፤ አለቀለት… ነገ የአጥር ክርክር ቢገጥመው ዳኛው ማን ነው?

ስለዚህ ጓዳ ውስጥ አንበሳ የሆነው ሁሉ እዚያ ሲደርስ በግ ይሆናል። አባባም? አልጠየቅኩትም። ግን ሳየው ጆሮው ቀላ።

ኤፕሪል 12

የተረፈው እንዳይመለስ ምን ይደረግ? ኪስ ውስጥ ቢከቱትስ… “ሁለት ሊጥል ነው” ተብሎ ቅጣት አለ። ሰው ፊት የሚጠፋበት መንገድ…

ኤፕሪል 13

አገኘሁት። ድስት ጥጃለሁ።

ኤፕሪል 14

ምርጫው ዛሬ ነው፤ አባባ ጠዋት ከረጢቱን ከፈተ። በቆሎው ተቆልቷል። አደንጓሬው ተቀቅሏል፣ ጨው እንኳ አለው።

“አንቺ ልጅ! ምን አደረግሽ?”

“ሕጉ በቆሎና አደንጓሬ ይላል። ጥሬ ይሁን አይልም።”

“ሌላ አምጪ!”

“ሁሉንም አብስዬዋለሁ።”

የስብሰባው ከበሮ ተመታ። አባባ ትክ ብሎ አየኝ።

“አክስትሽ ታውቃለች?”

“አታውቅም።”

ከረጢቱን አስሮ ወጣ። አልመታኝም!

በስብሰባው ቤት መስኮት አየሁ። የማርሻም ስም ሲጠራ እኩለ ቀን አልፎ ሰው ተርቧል። ቀድሞ የተነሣው አያ ፔል ነው፤ ጥርሱ ሦስት፣ ሆዱ አራት። አንዱን ባርኔጣው ውስጥ ጣለ። ሌላውን አፉ ውስጥ!

“ምንድን ነው የምትበላው?” አለ ማርሻም።

“የተረፈኝን፣ ጌታው።”

“የቱ ነው የተረፈህ?”

“ኧረ ዋጥኩት! መልሼ ላሳይዎት?”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ አባባ ተነሣ። ጣለ። ማርሻምን ዓይን ዓይኑን እያየ አኘከ… የኔ አባባ! ከዚያ ሁሉም። ሠላሳ አንድ ጨዋ ሰው እንደ ፍየል ሲያመነዥግ!

አደንጓሬ ሃያ ሁለት። በቆሎ ዘጠኝ።

ሜይ 16

እንደራሴያችን ከቦስተን ተመለሰ። በሌሎቹም ከተሞች ማርሻም የሚወደድ አልነበረም ለካ። ወደቀ! አዲሱ የላይኛው ሸንጎ ከታችኛው ጋር ተስማማ። ፈቃዱ የአክስቴ ነው። ስትሰማ ወጥታ ጀልባዋን ሳመቻት።

ሜይ 20

በሳምንት ሁለት ቀን ቀዛፊ ሆኛለሁ። አባባ ነው የፈቀደው፤ “ምላስሽን ውሃ ላይ ብታሳርፊው ይሻላል” ብሎ። ዛሬ ከማዶ አንድ ሰው ደወል ደወለ። ማርሻም! ሌላ መሻገሪያ የለው፣ ምን ያድርግ? ወንዙ መሀል ስንደርስ፦

“ታምሲን፣ ያንን አደንጓሬ የቀቀለው ማን ነው?”

“ተቀቅሎ ነበር እንዴ? እኔ በምን አውቄ ጌታው፤ ሴት ምርጫ አትገባ።”

አሁን ደርሰናል። አክስቴ ገመዱን እያሰረች ነው፣ እኔ መቅዘፊያው ላይ ተደግፌ ይህን እጽፋለሁ። ሰውዬው ግን ለምን አይወርድም? ጥላው ወረቀቴ ላይ ምን ይሠራል? እያነበበ ነው… ያንብብ! እንዲያውም በትልቁ ልጻፍለት፦ የቀቀልኩት እኔ ነኝ።

ማርሻም ሙሉ ስሜን ጠርቶ ጮኸ፦ “መሂታቤል ክሮውል!”