በጤፍ ማሳዬ ላይ ወርዋሪ ለሚፈልጉት ለባላምባራስ አብተው

ለክቡር ባላምባራስ አብተው፣ የአዳማ የጉግስ ፈረሰኞች አለቃ፤

እርስዎ እንደምን ከረሙ? ቤተሰብዎ፣ ፈረስዎ፣ ይልቁንም ባለፈው ጥምቀት ከገዛ ወገንዎ በተወረወረ ዘንግ ጭኗን የተመታችው በቅሎዎ እንደምን ከረመች? ክረምቱን አሳልፎ ለአዲሱ ዓመት ያደረሰን አምላክ ይመስገን። እኔ ከጤፌ በቀር ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በገበያው ዋርካ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ሦስት ጊዜ ደጅዎ መጥቼ፣ በሦስቱም ጊዜ ወርዋሪ ፍለጋ ወጥተዋል ተባልሁ። ዋርካው ግን ከስፍራው አይሄድም። ማንበብ ለማይችል ሰው ነጋዴው ራህመቶ በገበያ ቀን ጮክ ብሎ ሊያነብልኝ ተስማምቷል። ፊደል የለየሁት እርሱ ስኳር በሚጠቀልልባቸው ወረቀቶች ስለሆነ፣ ስሕተት ቢገኝብኝ ግማሹ የስኳሩ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ መንገደኛ ከሥሩ ልጀምር። ባለፈው ጥምቀት የቢሾፍቱ ፈረሰኞች መጥተው ጉግስ ገጠሙን። እነርሱ ሲሸሹ የእኛዎቹ እያባረሩ አሥራ ሁለት ዘንግ ወረወሩ። አሥራ አንዱ መሬት መታ፣ አሥራ ሁለተኛው በቅሎዎን። እርስዎም በዚያው ሜዳ ላይ፣ ለመስቀል አዳማ የተሻለ ወርዋሪ ሳታገኝ ጠጉሬን አልላጭም ብለው ማሉ። በክረምት ጉግስ የለም፤ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ፈረሱም ያርፋል፣ ሰውም እርሻ ላይ ነው። እርስዎ ግን አላረፉም። ስለዚህም አገር ሁሉ ያደንቅዎታል፤ እኔም አደንቅዎታለሁ፤ ልዩነታችን የእኔ ማሳ መመረጡ ብቻ ነው።

አቤቱታዬን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ጤፌ ጣት ሲያክል፣ አሥራ ስምንት ፈረሶች ይዘው ማሳዬ ገቡ። ምክንያቱን ለጎረቤቴ ለአባ ጉተማ እንደ ነገሩዋቸው፣ መሬቱ ልስልስ ስለሆነ የሚወድቅ ሰው ጎኑ አይሰበርም። ለሰው ጎን እንዲህ ማሰብዎን ሰምቼ ልቤ ተነካ። አባ ጉተማ ጤፉስ ቢሉዎ፣ «ጤፍ መረገጥ ይወዳል፤ ሁላችሁም እያስረገጣችሁ አይደል የምትዘሩት?» ብለው መለሱላቸው። ይህን ጥበብ በማወቅዎ እጅግ ተደንቄያለሁ። እኛ ምስኪኖቹ እስከ ዛሬ ማሳውን በከብት የምናስረግጠው ከመዝራታችን በፊት ነበር፤ ከበቀለ በኋላም ይወዳል ብሎ የነገረን አልነበረም። አባቴ መርዳሳ አርባ ዓመት ያረሰው ሳያውቀው ሞተ። እኔም እንዲወደው እስከ ነሐሴ ማለቂያ ጠበቅሁ፤ ጤፉ ግን ፍቅሩን ከመሬት በላይ አልገለጠም። ያ ማሳ የኔና የወንድሜ የዓመት ቀለብ ነው፤ ሌላ ማሳ የለንም።

ሁለተኛ፤ በማሳዬ ላይ ስለተፈተኑት ወርዋሪዎች። አጥሬ ላይ የተንጠለጠሉትን ዱባዎቼን ዒላማ እንዲሆኑ ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ያመጡት ከዝዋይ፣ ዓሣ በጦር በመውጋት ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። እጁ ቀጥ ያለ ነው፤ ሐሰት አልናገርም። ነገር ግን ዓሣ የሚገኘው በውሃው ከሚታይበት ዝቅ ብሎ ነውና፣ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ከሚያየው ነገር በታች መወርወር ለምዷል። ዱባውን ያያል፣ አጥሩን ይመታል። ሁለት ቀን ሙሉ አንዱን የአጥር እንጨት ስድስት ጊዜ ሳይስት መታልዎ። ሁለተኛው በባቡሩ ላይ ማገዶ ወደ እሳቱ የሚወረውር ብርቱ ሰው ነበር፤ ክንዱ እንደ ጭኔ ነው፤ ከሦስት እርምጃ በላይ ግን ወርውሮ አያውቅም። የቢሾፍቱ ፈረሰኞች በሦስት እርምጃ ርቀት ቆመው ቢጠብቁት መልካም ወርዋሪ ይወጣው ነበር። ሦስተኛው ከደራ የመጣው ጀግና መወርወሩ አይታወቅም፤ ፉከራውን ሲጨርስ ፈረሱ ሰልችቶት ወደ ቤቱ ሄዷል። ሆኖም በፉከራው መካከል የጠራቸው የገደላቸው ሰዎች ቁጥር ከደራ ሕዝብ ስለሚበልጥ፣ ደራ እስከ ዛሬ ገበያዋ መቆሙ ይገርመኛል።

ሦስተኛ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ ይኸኛው ነው፤ ራህመቶም እዚህ ሲደርስ ቀስ ብሎ እንዲያነብ ለምኜዋለሁ።

ወንድሜ ሰንበታ፣ ዝም ብሎ የሚኖር ሰው እንደ ሆነ አገር ያውቃል። የደራው ጀግና በሄደበት ቀን ግን ቆቡን አውልቆ ፊትዎ ቀርቦ፣ ከሚሮጥ ፈረስ ላይ ሦስት ዱባ ቢመታ ፈረሶቹ በዕለቱ ከእኅቱ ማሳ ይወጡ እንደ ሆነ ጠየቀዎ። እርስዎም ስቀው፣ ሊያዩ በመጡት ሽማግሌዎች ፊት ቃልዎን ሰጡት። አንዱን ፈረስ ተውሶ ጋለበ፤ የመጀመሪያውን ዱባ መታ፣ ዞሮ ሁለተኛውን መታ፣ ሦስተኛውንም ከሁለት ሰነጠቀው። እርስዎ ግን፣ «በግራ እጅ የተወረወረ አልተወረወረም» ብለው ፈረዱ። ወንድሜ ግራኝ ነው፤ በግራ እጅ መስጠትም መቀበልም ነውር መሆኑን እናታችን ነግራዋለች፤ በግራ የተመታ ዱባ እንዳልተመታ ግን አልነገረችውም። አባ ጉተማ ከኋላ ሆነው፣ «እንግዲያው ዱባውም አልተሰበረማ፤ ውሰጂና ስቀዪው ዘርፉ» ሲሉ ሰምተው ይሆናል። እኔም ወስጄ ሰቅዬው ነበር፤ ወደቀ።

ፈረሶቹም በማግሥቱ ተመልሰው ገቡ።

አራተኛ፤ አጥሬ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልምጣ፤ ሰው ሁልጊዜ ማማረር የለበትምና። የሦስቱ ዱባዎች ወሬ በሞጆ ገበያ በኩል ቢሾፍቱ ደረሰ። የዚያ አገር ፈረሰኞች አለቃ አቶ ጆቴ፣ ሰንበታን አስጠርተው የትኛው እጁ እንደ ሆነ ሳይሆን ምን እንደሚፈልግ ጠየቁት። ወንድሜ ካባም ፈረስም አልጠየቀ፤ ሁለት ጥማድ በሬ ለሦስት ቀን ብቻ። በጳጉሜ፣ እርስዎ ፈረሰኞችዎን ሁሉ አስከትለው ሌላ ወርዋሪ ፍለጋ ወደ ደራ በወረዱ ጊዜ፣ በሬዎቹ መጡ። ማሳውን አገላብጠን ሽምብራ ዘራንበት። ሽምብራ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመሬቱ ርጥበት የሚያድግ ትሕትና ያለው እህል ነው፤ እንደ ጤፍ ዝናብም ፈረስም አይመኝም። ዙሪያውን በእሾህ አጥሬዋለሁ። እርስዎ ጤፌን ባያጠፉልኝ፣ ዘንድሮ ሽምብራ የመብላት አሳብ አልነበረኝም።

አንድ ነገር ብቻ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ሰንበታ ለቢሾፍቱ ሊወረውር ቃል የገባው ለዘንድሮ መስቀል ብቻ ነው። የጥምቀቱን ጉግስ ከማን ጋር እንደሚጫወት ጠይቄው፣ እስከዚያ ፈረሱን ሽምብራዬ ውስጥ ካላስገባው አለቃ ጋር እንደሚሆን ነገረኝ። በቀኝ እጁም እንዲለማመድ መከርሁት፤ ዱባ አልቋል አለኝ። እንግዲህ የእርስዎ ፍለጋ ማሳዬ ላይ ሳይደርስ፣ አጥሩን በውጭ በኩል ታክኮ በሚሄደው መንገድ ሊያበቃ ይችላል። መንገዱም ልስልስ ነው፤ የሚወድቅ ሰው ጎኑ አይሰበርም።

ጠጉርዎ በጤና የሚላጭበትን ቀን እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ በታች፣ ከፈረስዎ እግር በታች ግን የወጣሁ፣

ዘርፉ መርዳሳ
አዳማ፣ መስከረም ፯ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ ለመስቀል እርስዎ ራስዎ ከፊት ሆነው እንደሚሸሹ ሰማሁ። ሰው ሁሉ ጋሻውን በግራ እጁ ይዞ ግራ ጎኑን ይከልላል፤ የሚያባርሩት ሁሉ በግራ በኩል ደርሰው በቀኝ እጃቸው ስለሚወረውሩ እስከ ዛሬ ይበቃ ነበር። ዘንድሮ በባዶው በቀኝዎ በኩል አንድ ዘንግ ቢመጣ፣ በእርስዎ ፍርድ አልተወረወረምና እንዳይሰማዎት።