ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ ስለፈረምሁት ሰነድ

ለተከበሩ የገመድ አልባ መስመሮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ዘገባዎች ዘወትር መቶ በመቶ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከሸለቆው ማዶ ያለውን ጤና ጣቢያ ከሆስፒታሉ ጋር የሚያገናኘውን የአሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር መስመር የፈተሽሁት ቴክኒሻን ነኝ። በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ ሦስት ጊዜ በፖስታ አሽጌ ጽፌ፣ ሦስቱንም ጊዜ «የፍተሻ ሰነዱን ይመልከቱ» የሚል ትሕትና የተሞላበት መልስ ደርሶኛል። ሰነዱን ተመልክቼዋለሁ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

አንደኛ፣ በዕቅዱ ሃያ አራት ሜትር የነበረውን ምሰሶ ወደ አሥራ ስምንት ስላሳጠሩልን አመሰግናለሁ። ከፍታ እንደምፈራ ማን እንደነገረዎት ባላውቅም፣ ስድስት ሜትር ከመውጣት ገላግለውኛል።

ሁለተኛ፣ የምረቃው ቀን እንዳያልፍ ብለው ፍተሻውን በበጋ፣ ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው በቆሙበት ወር እንድንጨርስ ስላጣደፉን አመሰግናለሁ። አንቴናውን ሳስተካክል የሆስፒታሉ ጣሪያ በባዶዎቹ ቅርንጫፎች መካከል ወለል ብሎ ታየኝ፤ ሲግናሉም ያማረ ነበር። ቅጠል ሲመጣ ሲግናሉን እንደሚጋርደው አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ነጋሪ አያስፈልገውም። ቅጹ ላይ «በዝናብ ወቅት ድጋሚ ይፈተሽ» የሚል ቦታ ነበረ፤ ምልክት ሳላደርግበት አለፍሁት። እናቴ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ እኔ ግን «መስመሩ እንከን የለውም» ብዬ ፈረምሁ። ወደ ቤቴ ቸኩዬ ነበር፤ ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።

ሦስተኛ፣ ዝናቡ መጥቶ ዛፎቹ ከለመለሙ ወዲህ የጤና ጣቢያው አዋላጅ መስመሩ እንደሚቋረጥ አሥራ አራት ጊዜ ስታመለክት፣ «በሰነዱ መሠረት አልተቋረጠም» ብለው ስላረጋጓት አመሰግናለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ምጥ የጸናባት እናት አጠገቧ ተኝታ ሳለች፣ አዋላጇ የሆስፒታሉን ሐኪም በስክሪን ስታማክር ምስሉ ደርቆ ቀረ። ስልክ የሚሠራበት ኮረብታ ላይ ሮጣ ወጥታ አምቡላንስ እስክትጠራ አንድ ሰዓት አለፈ። እናቲቱ ተርፋለች። ሕፃኑ አልተረፈም።

አዋላጇ አልሰደበችኝም። የጠየቀችኝ፣ ያን ቀን ምሰሶው ላይ ሆኜ ዛፎቹን አይቻቸው እንደነበር ብቻ ነው። አዎ፣ አይቻቸዋለሁ አልኋት። ከዚያ ወዲህ የገዛ ልጄን ሳቅፍ እጄ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ሰነዱ ውሸት መሆኑን፣ ውሸቱም የእኔ መሆኑን በዚህ ደብዳቤ አረጋግጣለሁ። ከእንግዲህ የሚመለከቱት ሰነድ ስለሌለዎት፣ ፈቃድዎ ከሆነ ዛፎቹን ይመልከቱልን፤ ከቅጠሉ በላይ የሚያሻግረንን ቀሪውን ስድስት ሜትር ምሰሶም ይላኩልን። እየፈራሁም ቢሆን እኔው ወጥቼ እተክለዋለሁ።

ለወረቀት ያለዎትን ጥልቅ ፍቅር እያከበርሁ፣
በአንድ ፊርማ ሰው የበደልሁ ትሑት አገልጋይዎ፣
የመስመር ቴክኒሻኑ

ማሳሰቢያ፦ በመጨረሻው መልስዎ ግርጌ ቅጠሉ እስኪረግፍ በትዕግሥት እንድንጠብቅ መክረውናል። ምክርዎን ለአዋላጇ አድርሻለሁ። ቅጠሉ ሳይረግፍ የሚወልዱ ዘጠኝ እናቶች መዝገቧ ላይ እንዳሉ ነገረችኝ። እንዲጠብቁ የሚያዘውን ደብዳቤ እባክዎ እርስዎ ይፈርሙላቸው፤ የእኔ ፊርማ ከእንግዲህ አይታመንም።