ያላበራው ፍሬቻ

እታለም፣

ሰላምታዬ እስከ ደሴ ያለውን ኮረኮንች አልፎ በደህና ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? እሌኒስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን እንዳልልሽ ውሸት ሰልችቶኛል። እማዬ ከአባዬ አርባ ወዲህ ትንሽ አጥሚት መቅመስ ጀምራለች፤ እሱም ተመስገን ነው።

ትናንት እስር ቤት ለይሄነው ምግብ አድርሼለት ነበር። ባልሽ ከስቷል። አንድም ቀን መጥተሽ አልጠየቅሽውም፤ መልሰሽ የላክሽለትን የጋብቻ ቀለበትሽን ከማተቡ ጋር አስሮታል። ክፉ ቃል ግን አልወጣውም። የመኪናውን ቁልፍ ተጭኛለሁ፣ ቆልፌዋለሁ እያለ ስንት ጊዜ ምሎ፣ አሁን የገዛ እጁን መጠራጠር ጀምሯል። ሳልጫነው ቀርቼ ይሆናል አለኝ። ከአንተ በቀር ማን አለኝ ብሎም አመሰገነኝ። አብሽር አልኩት። አፌን በቆረጠው!

ተጭኖታል፣ እታለም። መርማሪው በሩ አልተሰበረም፣ መስታወቱ አልተነካም፣ ስለዚህ የከፈተው ሾፌሩ ይሄነው ራሱ ነው ይላል። አንቺም ለወግዲ ነፍሰ ጡሮች ሊያደርስ የጫነውን አልትራሳውንድ በአባቴ ለቅሶ ላይ ሸጠው ብለሽ አመንሽ። በር እኮ ሳይሰበርም ይከፈታል። ሪሞቱን ሲጫኑት ለመኪናው መልእክት ይልካል፤ ሌባው ኪሱ ውስጥ የያዘው መሣሪያ በዚያው ሞገድ ላይ ከጮኸ ግን መኪናው አይሰማም። ድንኳን ሙሉ ሰው እሪ ሲል የሚጠራሽን እንደማትሰሚው ማለት ነው። ባለመኪናው ቆለፍኩ ብሎ ይሄዳል፤ ሌባው እጀታውን ስቦ ይገባል።

ይህን ከየት አወቅህ ትይኛለሽ። ሁዳዴ ሲገባ አካባቢ፣ አባዬ ገና ደህና እያለ፣ ዋለ የሚባል ሰው ስልክ ወደምጠግንበት ሱቄ አንድ የተበላሸ ነገር ይዞ መጣ። የግቢ በር መክፈቻ ነው አለኝ። ፈትቼ ሳየው ምን እንደሆነ ገባኝ። ውሰድልኝ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን እችለው ይሆን ብዬ ጓጓሁ፤ ሠራሁት፤ በጎረቤቴ በብዙአየሁ መኪና ሞከርኩት። ሪሞቱ እምቢ ሲለው እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ዋለ፣ ሰው እጀታውን ሞክሮ ነው የሚሄደው ብሎ ሲያማርር፣ እኔ ቀልደኛው፣ ለቅሶ ቤት ሂዳ፣ ለቅሶ የደረሰ ሰው ዞሮ አያይም አልኩት። ተሳሳቅን።

ሳይቆይ አባዬ ሞተ። አንቺ የመሥሪያ ቤቱ መኪና በቅጡ ሳይቆም ወርደሽ፣ ደረትሽን እየመታሽ ገባሽ። ይሄነው አባቴን እያለ፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ቁልፉን ሲጫን፣ ደግፌ ልቀበለው የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ሲቆለፍ ብልጭ የሚለው ፍሬቻ አላበራም። አየሁት። ዋለንም አጥሩ ሥር እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ አየሁት። ቁም፣ በሩን ሳበው ማለት ይበቃ ነበር። ከየት አወቅህ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ፤ የይሄነውን ክንድ ይዤ ወደ ድንኳኑ አስገባሁት፤ ከሱ በላይም ጮህኩ። ሰው ሁሉ፣ ለአባቱ እንዴት አለቀሰ አለ።

አሁን ዋለ ጠፍቷል፤ የተሰረቀውም አልተገኘም። እኔ ሦስት ጊዜ ፖሊስ ጣቢያው በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ወንድ አይደለሁም። ለፖሊስ የሚሆነውን ቃሌን በሌላ ወረቀት፣ ሙሉ ስሜን ጽፌ፣ ፈርሜበት አብሬ ልኬዋለሁ። ይዘሽው ነይ። ያምኑሽ እንደሆነ እንጃ። ብቻ ስትመጪ መጀመሪያ እሱ ጋ ግቢ፤ እጁ እንዳልበደለ ካንቺ አፍ ይስማ። እኔ ሱቄ ነኝ፤ የትም አልሄድም።

እሌኒን እመብርሃን ታሳድግልሽ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። የአባዬን ነፍስ ይማር። እኔን ማሪኝ አልልሽም።

ወንድምሽ ብዬ ልፈርም ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

የአባትሽ ልጅ