ወይዘሮ ዜሊ አርሰኖ ሳያስተምሩት የቀረው የሐሙስ ትምህርት

ወይዘሮ ዜሊ አርሰኖ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ኦኔዚም ጋላን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዴልፊን እ.ኤ.አ. በ1948 በካናዳ፣ በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት፣ እዚሁ ቤ-ደ-ሉ መንደር ተወለዱ። በመነኮሳቱ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ሎብስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ የሚያሽግ ፋብሪካ ገቡ። በ1969 ከአቶ ዩክሊድ አርሰኖ ጋር ተጋብተው ሮዝሊንንና ማርሴላን ወለዱ።

ለብዙ ዘመን በምርጫ ቀን ከሳጥኑ አጠገብ የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ደሴታችን በምርጫ ወረቀቱ ላይ ለአንድ ሰው የ«X» ምልክት ማድረጉን ትቶ ተወዳዳሪዎችን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ በቁጥር ለማስቀደም ሲወስን፣ መንደሩን እንዲያስተምሩ የተመረጡትም እሳቸው ሆኑ። በካርታ ጨዋታ አስረዱን። «ከማን ጋር ጥንድ ሆነህ መጫወት ትፈልጋለህ? እሱ ከሌለስ፣ ቤትህ ትገባለህ ወይስ ሌላ ትይዛለህ? ድምፅህም እንደዚያው ነው፤ አንደኛህ ከወደቀ ወደ ሁለተኛህ ያልፋል» አሉ። ገባን አልን።

ባለፈው ሳምንት በሰበካው አዳራሽ ለልምምድ የሰጠነው ድምፅ ሲቆጠር ግን ከግማሽ በላይ ወረቀቱ ውድቅ ሆነ። ከአራቱ ተወዳዳሪዎች ለሜልቫንም ለሌዮንስም «1» ጽፈናል። ሁለቱም የአቶ ዩክሊድ እህቶች ልጆች፣ የሁላችንም ጎረቤቶች ናቸው። ወይዘሮ ዜሊ ደንግጠው ቁጭ አሉ።

«ሰው ላለማስቀየም ብላችሁ ሁለቱንም ገደል ከተታችኋቸው» አሉ።

«አንዱን ሁለተኛ ብዬ ገናን ማን ቤት ልበላ ነው?» አሉ አቶ ዩክሊድ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወረቀቱ ላይ ስምህ የለም። እኔ ሚስትህ እንኳ አላየውም።»

አዳራሹ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ሰኞ በዋናው ምርጫም እንዲህ ካደረግን የመንደራችን ድምፅ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ለሐሙስ እንደገና ጠሩን።

ሐሙስ ሜይ 24 ቀን 2007 ከሰዓት በኋላ፣ ወንበር ሲደረድሩ ወደቁ። ሕመም አልነበራቸውም፤ ጠዋት ልብስ አጥበው ገመድ ላይ አስጥተው ነበር። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ለትምህርት የመጣ ሰው አስከሬን ተቀበለ። እስካሁን ማመን አቅቶናል።

ስለዚህ የሐሙሱን ትምህርት ይህን የምትጽፈው ታናሽ እህታቸው ኦብሊን በዚሁ ታደርሳለች፤ ቦታው አይደለም የሚል ካለ ከቀብር በኋላ ይናገራት። «1» የሚጻፈው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። የቀረው ከሁለት ይጀምራል።

ወይዘሮ ዜሊ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንና እህታቸውን ትተው አልፈዋል። አቶ ዩክሊድ ትናንት ከአስከሬኑ አጠገብ፣ «ሰኞ ‹1›ን አንዴ ብቻ እጽፋለሁ፤ ለማን እንደሆነ ግን ለእሷም አልነግራትም ነበር» ብለዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ መካከል ያስቀምጥልን፤ እኛንም ሰኞ ከቤታችን ያውጣን።