የአሥራ ሁለተኛው ትሪ ነገር

ሐሙስ፣ ግንቦት 12 ቀን

ለታናሽ ወንድሜ፣ ባለህበት ሰላም ይብዛልህ!

ጉልበትህ እንዴት ነው? የእኔ ወገብ እንደ ልማዱ ነው፤ ሲሻው ያስነሳኛል፣ ሲሻው ይከለክለኛል። ሁለት ደብዳቤ ጽፌልህ አልመለስክም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል እልና ደግሞ መልሼ እናደዳለሁ። ዛሬ ግን ንዴቴን ላቆየውና ደስታዬን ልንገርህ፤ ካንተ በቀር የምነግረው የሥጋ ዘመድ የለኝም።

የምሠራው የምርምር ጣቢያው የችግኝ ቤት ውስጥ መሆኑን ታውቃለህ። አለቃዬ ወጣት ዶክተር ናት፤ ስትናገር እንኳ ስለምትሮጥ ጥድፊያ እላታለሁ። ባቄላ አፈር በተሞላ የችግኝ ትሪ ላይ እየዘራን በትንሽ ውኃ ማደግ ይችል እንደሆነ ሦስት ዓመት ስንፈትን፣ ውኃ የማጠጣውም ቅጠል የምቆጥረውም እኔ ነበርኩ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ መዝገቡንም የያዝኩት እኔ ነኝ። ጥናቱን ጽፋ ስትጨርስ "እማማ፣ የእርስዎም ስም ከጸሐፊዎቹ ጋር ይገባል" አለችኝ።

"ከባቄላው በፊት ነው በኋላ?" አልኳት። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ለካ ጥናት ስለላኩት ብቻ አይታተምም። የመጀመሪያው መጽሔት አዘጋጅ ለማንም ሳያሳይ በአራት ቀን መለሰው። "ለአንባቢዎቻችን አይሆንም" ብሎ፣ በሁለት መስመር! ጥድፊያ አለቀሰች፤ እኔ ተሳደብኩ። ሁለተኛው መጽሔት ግን ለሁለት ገምጋሚዎች ላከው። ገምጋሚ ማለት የዚያው ሙያ ሰው ነው፤ ስሙን ሳይነግርህ፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ስህተትህን አንድ በአንድ ይለቅማል።

"ባል ነው በዪኛ!" አልኳት።

ሦስት ወር ጠበቅን። መልሱ ሲመጣ ጥናቱ አልተጣለም፣ አልጸደቀምም፤ አስተካክላችሁ መልሱ ይላል። አንደኛው ገምጋሚ ደግ ነው። ሁለተኛው አራት ገጽ ጽፏል። ዘጠነኛው ጥያቄው "አሥራ ሁለት ትሪ ዘራን ትላላችሁ፤ ሠንጠረዡ ላይ ያለው አሥራ አንድ ነው። አንዱ የት ሄደ?" የሚል ነበር።

የት እንደሄደ የማውቀው እኔ ነኛ! በመጀመሪያው ዓመት ገና ፊደል አልቆጠርኩም። ትሪዎቹን የምለያቸው በተቀመጡበት ቦታ እንጂ በተለጠፈባቸው ወረቀት አልነበረም። አንድ ቀን ጠረጴዛው ሲታጠብ ቦታቸው ተለዋወጠ፤ በጥማት የሚፈተነውን ትሪ ስድስት ቀን ሙሉ አጠጣሁት። ሲታወቅ ጥድፊያ አልተቆጣችም፤ ትሪውን ብቻ ከቆጠራው አወጣችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በስልሳ አንድ ዓመቴ ልጆቼ ከሚሆኑ ሰዎች ጋር ተቀምጬ "ሀ" ያልኩት በዚያ እፍረት ነው።

"'በቴክኒክ ምክንያት ወጥቷል' ብለን እንለፈው" አለችኝ ጥድፊያ።

"ቴክኒክ የምትዪው እኔን ነው?"

"እማማ፣ እውነቱን ከጻፍን 'ማንበብ የማትችል ሴት የቆጠረችውን ማን ያምናል' ብለው ሁሉንም ሊጥሉት ይችላሉ። ስምዎም አብሮ ይቀራል።"

ስሜ እንዲወጣ ምን ያህል እንደጓጓሁ ለእሷ አልነገርኳትም። "ይቅር" አልኳት። "ሰውዬው የጠየቀው ትሪውን ነው፤ የት እንደሄደ ንገሪው።"

"ሴትም ልትሆን ትችላለች።"

"ሴት ከሆነችማ ቶሎ ይገባታል።"

መልሱን በእጄ ጻፍኩት፤ እሷ ወደ እነሱ ቋንቋ ተረጎመችው። የመዝገቤንም ገጾች ፎቶ አንስታ አያይዛ ላከች።

ሰኞ ጠዋት ችግኝ ሳጠጣ ጩኸት ሰማሁ። ጥድፊያ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ትሮጣለች፤ ዘበኛው እባብ የገባ መስሎት ዱላውን ይዞ ይከተላታል። "ጸደቀ! እማማ፣ ጸደቀ!" ሁለተኛው ገምጋሚ ምን ብሎ ጻፈ መሰለህ? "ለዘጠነኛው ጥያቄ የተሰጠኝን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሁን ሌላውንም ቁጥር አመንኩ። የትሪው ታሪክ በጥናቱ ውስጥ ይግባና ይታተም።"

እንግዲህ ስሜም ጥፋቴም አብረው ሊታተሙልኝ ነው! ባልዲው ተደፍቶ ጫማችን ውኃ እስኪሞላ ተቃቅፈን ዘለልን። ዘበኛው ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሮን ዘለለ።

ከዚያ ጥድፊያ የመጨረሻውን ቅጽ ልትሞላ ተቀመጠችና "የአባትዎን ስም በአንድ ፊደል ላሳጥረው? ብዙዎቹ እንደዚያ ያደርጋሉ" አለችኝ።

አባታችን አንተን ትምህርት ቤት ሲያስገባ "ስሜን የሚያስጠራልኝ እሱ ነው" ብሎ ለእኔ መጥረጊያ ነበር ያስያዘኝ። ቂሜ ዛሬም አልወጣልኝም፤ አልዋሽህም። "አሳጥሪው" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ሙሉውን ጻፊው" አልኳት። "ወንድሜ ሲያየው የእኔ መሆኑን እንዲያውቅ።"

መጽሔቱ በሐምሌ ይወጣል። ዕድሜህን ከጤና ጋር ያርዝመው፣ ቤትህን በሳቅ ይሙላው። ከጸሐፊዎቹ ሁለተኛዋ ነኝ፤ ስሜንም የአባታችንንም ስም እዚያ ታገኛቸዋለህ።

እህትህ